ሌንሴ ላይ ያደረግኋት ቀይ ነጥብ

ሰኞ፣ ጥር 12

ቢኒ የካሜራዬን ሌንስ ቀይሮብኛል። ማለቴ፣ ሳይቀይርብኝ አይቀርም። ትናንት የጥምቀትን በዓል ፓርክ ውስጥ ስቀርጽበት ምንም አልነበረበትም። ታቦቱን፣ ዘማሪዎቹን፣ ካህኑ ጠበል ሲረጩ፣ ሁሉንም ጥርት አድርጎ ይዞልኛል። ከዚያ ቢኒ ካሜራውን ለአንድ ልደት ተዋሰኝ። ዛሬ ጠዋት ከመኪናው አውጥቶ ሰጠኝ፤ ቤት ገብቼ ስከፍተው ምስሉ ሁሉ ጉም ለብሷል። ፎከሱ አንዴ ይሄዳል፣ አንዴ ይመለሳል፣ የሚይዘው አጥቶ ይዋልላል።

ቢኒ የአክስቴ ልጅ ነው። እዚሁ ቬጋስ፣ ዊንቸስተር ሰፈር፣ ከእኔ በታች ካለው አፓርትመንት ከሚስቱ ጋር ይኖራል። ሠርግ አብረን እንቀርጻለን፤ እኔ በዋናው ካሜራ፣ እሱ በሁለተኛው። ሌንሶቻችን አንድ ዓይነት ናቸው። የእሱ አሮጌ፣ የእኔ አዲስ። እንግዲህ ማሰብ ነው።

ከሰዓት በኋላ ደግሜ ሞከርኩት። ጥርት ብሏል! ይሄ ደግሞ ይባስ። የቤቴ ትርፍ ቁልፍ እሱ ጋ ነው። ሻወር ውስጥ ሳለሁ ገብቶ መልሶ ቀይሮት ይሆን?

ማክሰኞ፣ ጥር 13

እትዬ አለምነሽ ደወሉ። ቅዳሜ ልጃቸውን ይድራሉ፤ ሠርጉን የምቀርጸው እኔ ነኝ። ባለቤታቸው ጋሽ ኃይሉ ግን ሜዲካል ዲስትሪክት የሚባለው ሰፈር፣ ሆስፒታል ተኝተዋል፤ ሐኪሞቹ ለአንድ ሰዓት እንኳ አይወጡም ብለዋል።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «ጋሼ የሚያየው ባንቺ ዓይን ነው። ልጄ አዳራሽ ስትገባ ልያት ነው የሚለው። ሌላው ቢቀርም አይቆጨውም።»

«እርስዎ ምንም አያስቡ፣ እትዬ» አልኩ።

የጥፍር ቀለሜን አወጣሁ። ሌንሱ ላይ፣ ከፎከሱ ቀለበት ሥር፣ አንዲት ቀይ ነጥብ አደረግሁ። ከተቀየረ ይታወቃል። ጠርጥር፣ ከገንፎ መሀል አይጠፋም ስንጥር።

ረቡዕ፣ ጥር 14

ሥራ ቦታዬ፣ ካዚኖው ካሸር መስኮት ላይ ስምንት ሰዓት ሙሉ ቆሜ ሳስብ የዋልኩት ቢኒ ጋ ስላለው ቁልፍ ነው። መልስልኝ ብለው ያውቅብኛል። ባልለው ደግሞ እንቅልፍ አይወስደኝም።

መላ አገኘሁ። ካሜራውን ከነቦርሳው መኪናዬ የኋላ ትረንክ ውስጥ ቆለፍኩበት። የመኪናው ቁልፍ እኔ ጋ ብቻ ነው።

ቦርሳው ከጥምቀት ጀምሮ እንደረጠበ ነው። በፎጣ ልጠርገው ነበር፤ ጠበል ይጠረጋል እንዴ ብዬ ዚፑን ዘግቼ ተውኩት። በረከት ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 15

ዝናብ። ቬጋስ ሲዘንብ ሰው ሁሉ መንዳት ይረሳል። ብርዱ ደግሞ አጥንት ይሰብራል።

ካሜራውን ከትረንክ አውጥቼ ስመለስ ቢኒ ደረጃው ላይ አገኘኝ፣ አብረን ገባን። ሄተሩን እንደለኮስኩት ነው የወጣሁት፤ ቤቱ ግሏል። ካሜራውን ከፈትኩ። ጉም! ቀይ ነጥቧ ግን በቦታዋ አለች። እሱ ሲኖር ይጨልማል፣ እሱ ሲሄድ ይጠራል። የገዛ አክስቴን ልጅ ቡዳ ነው ልል ምንም አልቀረኝ።

እሱ ሌንሱን በጣቱ ነካ አድርጎ «ኧረ በረዶ ሆኗል!» አለ። «መኪና ውስጥ አታሳድሪው፣ ቤት አሳድሪው። ከብርድ ስታስገቢው ላስቲክ ውስጥ ቋጥረሽ ነው፤ ሳይሞቅ ኦፕን እንዳታደርጊው።»

አሃ! ቤት አሳድሪው ይለኛል፣ ቁልፉን ይዞ።

«ቅዳሜ አታስፈልገኝም» አልኩት። «በአንድ ካሜራ እወጣዋለሁ።»

«እሺ፣ እንዳልሽ» አለና ወረደ። አልተቆጣም። ንጹሕ ሰው እንዲህ ሲባል አይቆጣም እንዴ?

ዓርብ፣ ጥር 16

ባትሪ ሞላሁ። ካርዶቹን አጸዳሁ። ጃንጥላ። የሌንስ ጨርቅ። ካሜራው ትረንክ ውስጥ ነው፣ አሁንም ወርጄ ቼክ አድርጌያለሁ።

ቢኒ ከሥራ ሲመለስ በመስኮት አየሁት። መኪናውን ፓርክ አድርጎ ሲያልፍ ወደ እኔ መኪና ዞር ብሎ ተመለከተ። ምን ፈልጎ?

ቅዳሜ፣ ጥር 17

እየጻፍኩ ያለሁት ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው።

አሊያንቴ የሚባል ሰፈር፣ ፓርክ ውስጥ፣ ሙሽሮቹን በዝናብ ቀረጽኩ። ጃንጥላ፣ ጭቃ፣ የረጠበ ቬሎ፤ ግን ምስሉ እንከን አልነበረውም። ከዚያ ቀድሜያቸው አዳራሽ ደረስኩ። ሦስት መቶ ሰው፣ የወጥ እንፋሎት፣ ሙቀት። በሩ ተከፈተ፣ ዘፈኑ ተነሣ፣ ሙሽራዋ ገባች። ካሜራውን አነሣሁ።

ነጭ። ድፍን ነጭ።

ጠረግሁት፣ ተመልሶ ጉም ለበሰ። ፎከሱን ማኑዋል አደረግሁ፤ በጉም ውስጥ ምን ይያዛል? ሙሽራዋ በአጠገቤ እያለፈች ነው። ጋሽ ኃይሉ በዓይኔ መጡብኝ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሌንሱን ማንም አልቀየረውም። ከብርድ ወደ ሙቀት ባስገባሁት ቁጥር ነው ጉም የሚለብሰው። ከቢኒ ልደብቀው ብዬ በየቀኑ ያቀዘቀዝኩት፣ ርጥብ ቦርሳ ውስጥ ያሳደርኩት እኔው ነኝ።

ቀና ስል ከበሩ ሥር አንድ ሱፍ የለበሰ ሰው ተንበርክኮ ይቀርጻል። ቢኒ። ለካ እሱም ተጠርቷል። ከአጠገቡ ወንበር ላይ ባዶ ላስቲክ ተቀምጧል።

ሙሽራዋ ስታልፍ ወደ እኔ ዞሮ አውራ ጣቱን ቀሰረልኝ። አለቀስኩ።

እሁድ፣ ጥር 18

ከቢኒ ጋር ሆስፒታል ሄድን። ቢኒ የቀረጸውን ጋሽ ኃይሉ ትራስ ተደግፈው አዩት። ልጃቸው በበሩ ስትገባ እጃቸውን ወደ ስክሪኑ ዘረጉ። «ድገሙልኝ» አሉ። ደገምንላቸው። «እስቲ አሁንም።» እትዬ አለምነሽ ግንባሬን ስመው መረቁኝ፤ እኔን! ቢኒን ወደ ፊት ገፋሁት።

ስንወጣ ቦርሳዬን ከፍቶ አሸተተና ሳቀ። «ይሄ ሻግቷል እኮ! ስጪኝ፣ ላድርቅልሽ።» ሰጠሁት፣ ከነካሜራው።

የእሱ ካሜራ መኪናው ወንበር ላይ ነበር። ሌንሱ ላይ፣ ከፎከሱ ቀለበት ሥር፣ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ አለች።

«ሐሙስ ያንቺን አይቼ ነው» አለኝ። «የሚስቴን የጥፍር ቀለም ወሰድኩ። ሌንሶቻችን እንዳይቀላቀሉብን አይደል? ብልህ ነሽ።»

«አዎ» አልኩት። «እንዳይቀላቀሉ ብዬ ነው።»

ካሜራዬ ዛሬ እሱ ቤት ያድራል።