ግማሽ ዙር

ሐሙስ፣ ኅዳር 2 ቀን 1952፣ ከቀኑ 11 ሰ.

ተሰማ ብስክሌቱን ግቢ ውስጥ ገልብጦ ፍሬኑን ይጎረጉራል። እኔ ቸርኬውን እያሽከረከርኩ ቆሜያለሁ። በግራ በኩል ያለው የፍሬን ጎማ ይነካዋል፤ ሺ… ሺ… ሺ… ይላል። ዳዶውን፣ የብሎኑን ማሰሪያ፣ ላላ አደረገና ወደ መሀል ሳብ፣ እንደገና ጠበቅ። አሽከርክሪው አለኝ። ዝም። ደስ አለው፤ ባሌ ትንሽ ነገር ያስደስተዋል።

እሰይ አልኩት።

ደብተሬ፣ ላንተ ብቻ ልናገር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። በስፌት መኪናዬ ካቻቢቴ። ነገም አበላሸዋለሁ።

ምክንያት አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ በብስክሌቱ ሳጉሬ ከተማ ይሄዳል። የፍ/ቤት መጥሪያ አድርሼ ልምጣ ይላል። የጎረቤታችን የወ/ሮ በላይነሽ ባል እዚያው መ/ቤት ነው የሚሠራው፤ ቅዳሜ መጥሪያ የሚባል ነገር የለም አለችኝ። ባለፈው ደግሞ ኮቱን ስቦርሽ ኪሱ ውስጥ ቀይ የፀጉር ሪባን አገኘሁ። ለኔ አልሰጠኝም።

አምስት ዓመት ተጋብተን ልጅ አልሰጠሁትም። የምትሰጠው አግኝቶ ይሆናል።

እንዲደክመው ብቻ ነው። ደክሞት እንዲተወው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 4፣ ማታ 1 ሰ.

ትናንት የፍሬኑን ብሎን ግማሽ ዙር አዞርኩት። የፍሬኑ ጎማ ቸርኬውን ነካ ያደርጋል እንጂ አይይዝም። ግቢ ውስጥ ሲገፋው አይሰማም፤ ዳገቱ ላይ ነው የሚታወቀው።

አሁን ገባ። ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቋል። ለብ ያለ ውሃ በጨው አቀረብኩለት። እግሩን እየነከረ፣ አርጅቻለሁ መሰለኝ፣ ልቤ ይመታል፣ ሐኪም ልታይ ይሆን እንዴ አለኝ። ገና ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ከዚያ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ አመሰገነኝ።

ወደ ጓዳ ገባሁ። የምፈልገው ነገር አልነበረም።

ዓርብ፣ ኅዳር 10

እንደገና ገለበጠው። ጎሚስታው ቸርኬው ሳይጣመም አይቀርም ብሎታል። ተሰማ በጣቱ ዙሪያውን ይዳስሳል። ምንም የለም። እኔ እይዝለታለሁ። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝና፣ አንቺም በኔ ጣጣ ሥራሽን ፈታሽ አለኝ። ልነግረው ነበር። አልነገርኩትም።

አልነካውም ከእንግዲህ። በቃኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 11፣ ጠዋት 2 ሰ.

ነካሁት። ፊቱን ሲላጭ እያፏጨ ነበር።

እሑድ፣ ኅዳር 12

ትናንት ነው የሆነው።

ሲሄድ ፍሬኑ አሠቃየው። ሲመለስ መንገድ ላይ ተናደደና ሽቦውን ጨርሶ ፈታው። ከንግዲህ አይነካኝም ብሎ። ቁልቁለቱ ላይ ድልድዩ ጋ ሲደርስ የሚያቆመው ነገር የለም። ከብት እንዳይገጭ ሲል ሚዛኑን ስቶ ቦይ ውስጥ ገባ። እህል የጫነ መኪና አንሥቶ አመጣው። ቀኝ እጁ ከክርኑ በታች ተሰብሯል። ወጌሻው ሲያስረው ጥርሱን ነክሶ የኔን እጅ ያዘ። የኔን!

ጥፋቱ የራሴ ነው ይላል ለጠያቂው ሁሉ። ፍሬን ፈትቶ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ምን ይባላል እያለ ይስቃል። እነሱም ይስቃሉ። እኔ ወንበር አቀርባለሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 18፣ ከሰዓት

በር ተንኳኳ። አንዲት አሮጊት፣ አንዲት ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ። ከሳጉሬ ነው የመጣነው፣ አዴ ሙሚና እባላለሁ አሉኝ። አዴ በኦሮምኛ እናት ማለት ነው። የእህሉ መኪና ሾፌር ነግሯቸው ነው። የልጅቷ ፀጉር ላይ ቀይ ሪባን።

ወደ አልጋው ሮጠች። የታሰረውን እጁን በአንድ ጣት ነካ አድርጋ፣ «አባባ፣ ያምሃል?» አለችው።

ተሰማ እሷን አላየም። እኔን ነበር የሚያየው።

ጫልቱ ትባላለች። እናቷ እሷን ስትወልድ ሞታ አዴ ሙሚና፣ አያቷ፣ ናቸው ያሳደጓት። እኔን ከማወቁ በፊት የሆነ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ያስቆጥራታል።

«አንቺ ልጅ አጣሁ ብለሽ ስታለቅሺ፣ እኔ አለኝ ልበልሽ?» አለኝ። «አፌ እምቢ አለኝ።»

ዳቦና ማር አቀረብኩ። አዴ ሙሚና እጄን ይዘው መረቁኝ። «እጅ ኬ፣ እጅሽ ይባረክ ልጄ፣ ይሄ እጅ ነው ያዳነው» አሉ። በደንብ ጨብጠው ነበር የያዙት። ላስለቅቅ አልቻልኩም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 21

ነገርኩት።

ብስክሌቱን ከአልጋው ፊት አምጥቼ ካቻቢቴውን አሳየሁት። ቦታውን በጣቴ ጠቆምኩት።

«ግማሽ ዙር» አልኩ። «እኔ ነኝ።»

«ስንቴ?» አለ።

«ሦስቴ።»

«ስታሽከረክሪልኝ፣ ስትይዢልኝ… ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ፊቱን ወደ ግድግዳ መለሰ። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር። ሌላ ሴት ያለህ መስሎኝ ነው ልለው አልኩና ተውኩት፤ ምን ይጠቅመዋል። ጠይቄው ቢሆን ይነግረኝ ነበር? አላውቅም። አልጠየቅኩትም፣ ይኼን ብቻ ነው የማውቀው።

ዓርብ፣ ኅዳር 24፣ ከቀኑ 10 ሰ.

ሦስተኛ ቀኑ። አያናግረኝም። የሰጠሁትን ይበላል፣ ውሃ ሲፈልግ እንኳ አይጠራኝም፤ በግራ እጁ ጣሳውን ይታገላል።

ዛሬ ፍሬኑን ሠራሁት። በደንብ። አዲስ ሽቦ አስገባሁ፣ በሁለቱም በኩል በጎማውና በቸርኬው መሀል ወፍራም ወረቀት አጥፌ አደረግኩ፣ መሀል ላይ መሆኑን አይቼ ዳዶውን በፒንሳ አጠበቅኩ፣ ወረቀቱን ሳብኩት። አሽከረከርኩት። ዝም ብሎ ዞረ። መያዣውን ስጨብጠው ቀጥ አለ። ቀና ስል ተሰማ በሩ ላይ ቆሟል። ተመልሶ ገባ።

ነገ ቅዳሜ ነው። ልጅቷ መንገድ ታያለች። እሱ መሄድ አይችልም።

እኔ እሄዳለሁ። ጠዋት በእህል መኪና። አባትሽ እስኪድን እኔ እመጣለሁ እላታለሁ፤ አዴ ሙሚናንም እጄን ይዘው ከመመረቃቸው በፊት ሁሉንም እነግራቸዋለሁ። ካባረሩኝም ያባርሩኝ። ለተሰማ ፈቃድ አልጠየቅኩትም፤ ብቻ እየሰማኝ ነጠላዬን አጠፍኩ፣ ደብተርና እርሳስ ቅርጫት ውስጥ ከተትኩ፣ ከሱቅ የገዛሁትን ቀይና አረንጓዴ ከረሜላ ጥቅልም ጨመርኩ።

ከአልጋው ላይ ድምፅ መጣ። ፊቱ ወደ ግድግዳው ነው።

«ቀዩን ብቻ ነው የምትወደው» አለ።

ቆምኩ።

«አረንጓዴውን ትተፋዋለች።»

ቁጭ ብዬ እየለየሁ ነው።