ትርሲት፣ አባቷና የሚዞሩት ፈረሶች

ሐሙስ

ዛሬም ከበር ውጭ ወጥቶ ደወለላት። እኔ ወጥ እያማሰልኩ በመስኮት አየዋለሁ። አጥሩን ተደግፎ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ "ሄሎ የኔ እመቤት፣ ምሳ በላሽ?" ይላል። ትርሲት ደግሞ አልጋዬ ላይ እግሯን ዘርግታ፣ "በላሁ አባባ፣ አንተስ? እዚያ ዝናብ አለ?" ትለዋለች። እዚያ የት ነው? አጥሩ ጋ! ዝናብ ቢኖርማ እኛም እንሰማው ነበር። ከዚያ ስልኩ ተዘጋና አዱኛ ወደ ቤት ገባ። ትርሲት ሮጣ መጥታ ቀሚሴ ውስጥ ተወሸቀች።

አዱኛ ባሌ ነው። ደቡብ ሄዶ መንገድ ሥራ ላይ ነው የሚውለው። የሄደው ትርሲት ገና ዳዴ ስትል ነበር፣ አሁን አራት ዓመቷ ነው። በመሀል አንዴ ብቅ ብሎ ነበር፣ እሷ ግን አታስታውሰውም። ለእሷ አባባ ማለት ስልክ ውስጥ ያለው ነው። ቤታችን ውስጥ ወዲያ ወዲህ የሚለው ሌላ ሰው ነው፣ "ሰውዬው" ነው የምትለው። "ሰውዬው ሳሙናውን ወሰደው" ትለኛለች። እኔ መጀመሪያ ሰሞን በሳቅ ፈረስኩ። ትናንት ግን ጫማውን እያሰረ፣ "ድምፄን ትወደዋለች፣ የማትወደው እኔን ነው" አለኝ። ቀልድ አስመስሎ ነው ያለው። ሳቄ ጠፋ።

የዕረፍት ፈቃዱ ደግሞ አለቀ። ሰኞ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ስለዚህ ዕቅድ አወጣሁ። እኔ ካላቀድኩ በዚህ ቤት ማን ያቅዳል? ከአራዳ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር የልጆች መጫወቻ ተከፍቷል። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሱ ሱቄ የሚመጡ እናቶች ሁሉ የሚያወሩት ስለሱ ነው። የሚዞሩ ፈረሶች አሉት፣ ትንሽ ባቡር፣ የሚጋጩ መኪኖች፣ የሚዘለልበት ጃምፒንግ፣ ሸርተቴ፣ ደግሞ ሰው ተቀምጦበት ሰማይ ደርሶ የሚመለስ ትልቅ መንኮራኩር። ትንሽ ልጅ ግን ብቻውን አይሳፈርም፣ ትልቅ ሰው አብሮት መቀመጥ አለበት። ተንኮሌ እዚህ ላይ ነው። ልንሳፈር ስንል እኔ "ውይ፣ ያዞረኛል!" እላለሁ። ባቡሩ ሲነሳ ማንን ልትይዝ ነው? እሱን ነዋ! ቅዳሜ ከሰዓት እንሄዳለን።

ለአባዬ አልነገርኳቸውም። አባዬ መሪጌታ ናቸው፣ ከደብራቸውና ከተማሪዎቻቸው ሌላ ዓለም የላቸውም። "እግዚአብሔር የሰጠውን እግር ትቶ በብረት ፈረስ?" ብለው ከጀመሩ ማን ያቆማቸዋል! ሄደን ከተመለስን በኋላ ይሰማሉ።

ዓርብ

የሚያዝ፦ ሹራብ። ውሃ። ቅያሪ ሱሪ (ሁለት፣ ትርሲትን አውቃታለሁ)። ዳቦ ቆሎ። ሶፍት። ጃንጥላ። የኔን ትዕግሥት።

በምሳ ሰዓት ሱቁን ዘግቼ መጫወቻውን ልመረምር ሄድኩ። ባሌንና ልጄን ያላየሁት ቦታ ልወስድ ነው? በር ላይ አያ ዋሴ የሚባሉ ጥበቃ አሉ። "ልጁ የታል?" አሉኝ። "ልጅ አልያዝኩም፣ ቦታውን ለማየት ነው የመጣሁት" አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ "ምነው ታዲያ አንድ ዙር አትሳፈሪም? ፈረሱ ሸጋ ነው" አሉኝ። ተሽኮርምሜ ሳቅሁ። እውነቱን ለመናገር አምሮኝ ነበር።

ሽንት ቤቱ ንጹሕ ነው። የባቡሩ ወንበር ለሁለት ሰው ይጠባል። እሰይ! ይጥበብ!

ማታ ለትርሲት ነገርኳት። ቤቱን በጩኸት አናጋችው። "ማን ማን ነው የምንሄደው?" አለች። "እኔ፣ አንቺና አባባ" አልኳት። ትንሽ አሰበችና፣ "ስልኩን እንያዘዋ፣ እንዳንረሳው" አለችኝ። አዱኛ ሰምቷል። ተነሥቶ ውሃ ሊቀዳ ወጣ። በርሜሉ ሙሉ ነበር።

ቅዳሜ

ሰማዩ ተቀደደ። በግንቦት እንዲህ ዘንቦ ያውቃል? ጠዋት ፀሐይ ነበር እኮ! ቀዩን ቀሚሷን አልብሻት፣ ፀጉሯን ሰርቻት፣ አዱኛ እንኳ ሸሚዙን ራሱ ተኩሶ (አንገትጌው ላይ ትንሽ አቃጥሎታል፣ አላየሁም ብያለሁ)፣ ባጃጅ ይዘን በር ላይ ስንደርስ ተዘግቷል። አያ ዋሴ ላስቲክ ተከናንበው፣ "ብረቱ ሲረጥብ አናሳፍርም ልጄ። ነገ ኑ፣ ነገ ሸጋ ይሆናል" አሉን።

ትርሲት ለቅሶዋን ለቀቀችው። አዱኛ ጃንጥላውን ዘርግቶ አጠገቧ ጎንበስ አለ፣ "ነይ ግቢ፣ ትበሰብሻለሽ" አላት። አየችው፣ ጃንጥላውን አየችው፣ ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ዝናቡ ፈቀቅ አለች። ዝናቡን መረጠች! እሱ ጃንጥላውን ዘርግቶ ባዶ መሬት ሲያስጠልል ቆመ።

ግን ይኼንንም ልጻፍ፦ ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳትና ራሷ ክንዱ ላይ ወደቀ። ቤት እስክንደርስ ክንዱን አላነቃነቀም። ጉድጓድ ስንገባ ትንፋሹን ሁሉ ይይዝ ነበር። ስትነቃ ማን ላይ እንደተኛች አይታ ተስፈንጥራ ወደ እኔ መጣች። ቢሆንም።

አመሻሽ ላይ አባዬ መጡ። "ነገ ትርሲትን ለቅዳሴ እወስዳታለሁ፣ በጊዜ አብልተሽ አስተኚያት" አሉኝ። እሁድ እሁድ ሁልጊዜ ይወስዷታል፣ ስለዚህ ደስ አለኝ። እስክትመለስ ዕቃውን አሰናዳለሁ። ከሰዓት እንሄዳለን። ነገ ካልሆነ ሌላ ቀን የለም።

እሁድ

ከየት ልጀምር!

እንቁላል ምድጃ ላይ ጥጄ፣ ዳቦ እየቆረስኩ፣ አዱኛ ጫማውን ሲወለውል አባዬ ገቡ። ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ትርሲትን አቅፈው፣ ፊታቸው በርቷል። የትርሲት አፍ በነጠላ ተሸፍኗል። ነጠላውን ሳይ ዳቦውን አስቀመጥኩ።

"እንኳን ደስ አላችሁ! ልጃችን ሥጋ ወደሙን ተቀበለች" አሉ። "አባቷ አገር ገብቶ በባዶ እጁ እንዴት ይመለሳል ብዬ ነው። ደስ ብሎት ይሂድ።"

እልል አልኩ። እልል ይባላላ! ግን መሀሉ ላይ ተሰበረብኝ። የቆረበ ልጅ የዚያን ዕለት አይሮጥም፣ አይዘልም፣ ጫማ አያወልቅም። ወድቆ እንዳይደማ፣ እንዳያስመልሰው እንደ እንቁላል ይጠበቃል። ባቡሩ ያናውጣል። ፈረሱ ያዞራል። ጃምፒንግማ ጫማ ተወልቆ ነው የሚገባው። "በጊዜ አብልተሽ አስተኚያት" ሲሉኝ እንኳ አልነቃሁም፣ እኔ የመሪጌታ ልጅ፣ በቅዳሴ ያደግኩ! አሁን በቁርባን ሰው ይናደዳል? አይናደድም። በራሴ ተናደድኩ። ብነግራቸው ኖሮ ለሌላ እሁድ ያደርጉት ነበር።

ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። መጫወቻውን፣ ሰኞን፣ ሰውዬውን፣ ዝናቡን። አባዬ ቀስ ብለው ተቀመጡ። "ምነው ልጄ፣ እኔ አውሬ ነኝ? ምነው አትነግሪኝም?" አሉኝ። አዱኛ፣ "ግድ የለም አባታችን፣ ከዚህ የሚበልጥ ምን ስጦታ አለ" አላቸው። ከልቡ ነው። ግን የተወለወለውን ጫማ አልጋ ሥር መልሶ ከተተው።

ትርሲት ከነጠላው ውስጥ፣ "እንሄዳለን አይደል?" አለች። ዓይኗ ውሃ ሞላ።

አባዬ ተነሡ። "መሄድን ማን ከለከለ? መዝለል ነው የማይቻለው። ተቀምጣ ታያለች። እኔም እሄዳለሁ፣ እኔ እጠብቃታለሁ።"

እናም ሄድን። አባዬ መቋሚያቸውን ይዘው የልጆች መጫወቻ በር ላይ! አያ ዋሴ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ቲኬት የምትቆርጠው ልጅ፣ "መሪጌታ፣ እርስዎም ይሳፈራሉ?" ብትላቸው፣ "እኔ ዘብ ነኝ" አሏት።

ትርሲት ምሳ ከበላች በኋላ አፏን መሸፈን አያስፈልጋትም ነበር፣ ግን አልፈታም አለች። አግዳሚው ላይ አያቷ ጉልበት ላይ ተቀምጣ፣ በነጠላ ተጀቡና፣ ሙሽራ መሰለች። ልጆቹ ይጮኻሉ፣ ይወድቃሉ፣ ይነሳሉ። እሷ ታያለች። ምነው ባላመጣኋት አልኩ። ጨካኝ እናት የሆንኩ መሰለኝ።

ከዚያ ቀሚሴን ጎተተችኝ። "እማ፣ ሰውዬው ፈረሱ ላይ ይውጣ።"

"ራስሽ ንገሪው" አልኳት። አዱኛ ሰምቷል፣ ግን ያልሰማ መስሎ ቆመ። ጎበዝ!

አየችው። ከዚያ ጣቷን ከነጠላው አውጥታ፣ "አንተ! ፈረሱ ላይ ውጣ!" አለችው።

አዱኛ በሩጫ ሄደ። አቤት፣ ያ ቁመት! ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረው። ማሽኑን የሚነዳው ጎረምሳ፣ "ጋሼ፣ ይኼ ለልጆች ነው" ሲለው፣ "ታዝዤ ነው፣ ያውልህ አዛዤ" ብሎ ወደ ትርሲት አመለከተ። ፈረሱ ዞረ። ትርሲት ከነጠላው ሥር ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ የምታለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። ሳቅ ነው! "እንደገና!" አለች። እንደገና። ከዚያ ባቡር። ከዚያ የሚጋጩት መኪኖች፣ "አንተ፣ ቢጫውን ግጨው!" እያለች። አባዬም ራሳቸውን ረስተው፣ "በቀኝህ! በቀኝህ ዙር!" ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ።

በመጨረሻ ጣቷ ወደ ትልቁ መንኮራኩር ዞረ።

አዱኛ ከፍታ አይወድም። አይወድም ስል፣ አምፖል ለመቀየር ወንበር ላይ የምወጣው እኔ ነኝ። ዞሮ አየኝ። እኔ ወደ ዛፎቹ አየሁ። "ውጣ" አለችው። ምራቁን ውጦ ወጣ።

ጫፍ ላይ ሲደርስ መንኮራኩሩ ቆመ፣ ለካ ከታች ሰው እያሳፈሩ ነው። ከሩቅ ስናየው ብረቱን ጨምድዶ፣ ዓይኑን ጨፍኗል። ትርሲት አንጋጣ ስታየው ቆየች። "ምነው አይወርድም?" አለች። "አሁን ይወርዳል።" "ምነው ዓይኑን ጨፈነ?" "ትንሽ ፈርቶ ነው።"

ከአያቷ ጉልበት ተንሸራታ ወረደች። ነጠላውን ከአፏ ላይ ገፈፈችና በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ማሽን ነጂው ላይ ጮኸችበት፦ "አውርደው! አባቴ ነው! አባባን አውርድልኝ!"

ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። አባዬ ሊይዟት እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት። "አባዬ፣ መጮህስ ይከለከላል?" አልኳቸው። "ተይኝ እስቲ አንቺ" አሉኝ፣ ዓይናቸውን በኩታቸው እየጠረጉ።

አዱኛ ወረደ። ሰምቷል፣ ከዚያ ሁሉ ከፍታ ላይ ሰምቷል። ሄዳ ፊቱ ቆመች።

"ፈራህ?"

"ፈራሁ።"

"ሁለተኛ እንዳትወጣ" ብላ ሌባ ጣቱን ያዘችው። መሮጥ ስለማትችል ቀስ ብለው፣ በጣም ቀስ ብለው ወደ በሩ ሄዱ። እኔና አባዬ ከኋላ።

ሰኞ

ጠዋት መናኸሪያ ሸኘነው። ስንቁን ቋጥሬ፣ ሹራቡን አጥቤ፣ ውሃውን ይዤ፣ ሁሉን አሰናድቼ ነበር። አንድ ነገር ብቻ አላሰብኩም። ባለፈው ሲሄድ ያለቀስነው እሱና እኔ ነበርን፣ እሷ ብስኩቷን ትበላ ነበር። ዛሬ ግን እግሩ ላይ ተጠመጠመች። ረዳቱ "ተሳፈሩ፣ ተሳፈሩ!" ይላል፣ እሷ አትለቅም። ጣቶቿን አንድ በአንድ የፈታሁት እኔ ነኝ። ነከሰችኝ። አዱኛ "ለእንቁጣጣሽ እመጣለሁ" እያለ ወደ ኋላ እያየ ገባ። በመስኮት ሲያየን ፊቱ ሌላ ሆኖ ነበር፣ እንባም ሳቅም።

ጥፋቱ የማን ነው? የኔ ነዋ! ትልመደው ብዬ ላይ ታች ስል፣ ከለመደችው እንዲህ እንደምታለቅስ እንዴት አልታየኝም?

ይኼን የምጽፈው ሱቅ ሆኜ ነው። ጀርባዬ ላይ ታዝላ አሁንም ትንሰቀሰቃለች። ገበያተኛው ሁሉ ሰነዱን እየሰጠኝ፣ "ምነው፣ አሟት ነው?" ይለኛል።

"አይ፣ አባቷ ሄዶባት ነው" እላለሁ።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በተናገርኩት ቁጥር ደስ ይለኛል።