ስምንት ጃኬት

የካቲት 3፣ ሰኞ

ከሶዶ በጠዋት ወረድን። ስድስት እንግዶች፣ ሁሉም ከአዲስ አበባ። ትልቋን ጀልባችንን ሲያይ አንዱ «መርከብ ናት እንዴ?» አለ። የሥራ ባልደረባዬ ኤርካሎ ቀበል አድርጎ «መርከብማ ናት፤ የጎደላት ባሕሩ ነው።» ሳቅ በሳቅ።

አምስት ቀን ዓባያ ሐይቅ ላይ ነን። ቀን በካያክ፣ በአንድ ሰው ጠባብ ጀልባ፣ እንቀዝፋለን፣ ሲመሽ ጀልባዋ ላይ እንበላለን፣ እዚያው እንተኛለን። እኔ ከፊት እመራለሁ፣ ኤርካሎ ከኋላ የደከመውን ይሰበስባል። መቅዘፊያ አያያዝ ያስተማረኝም እሱ ነው።

ማታ ሲመለሱ እንግዶቹን በጣቴ አንድ፣ ሁለት እያልኩ ስቆጥር የጀልባዋ ነጂ ጋሽ አንጁሎ እጄን መታኝ። «ሰርካለም! ጣትህን መልስ! ሰው እንደ ከብት አይቆጠርም፤ ይጎድላል!» እንግዶቹ «ጣትህን» በምትለዋ ሳቁ። የጋሽ አንጁሎ አማርኛ ሴትና ወንድ አይለይም፣ ምን ይደረግ።

ረስቼው ነው እንጂ እኛ የምንቆጥረው ጃኬት ነው። ከውኃ የወጣ ሁሉ የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ጀልባዋ ላይ በተወጠረው ገመድ ይሰቅላል። ስምንት ጃኬት፣ ከእኔና ከኤርካሎ ጋር ስምንት ሰው። ዓመት ሙሉ ሠርቶልናል።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

የአንዷ እንግዳ ጃኬት ዘለበቱ ተሰበረ። ኤርካሎ የራሱን አውልቆ ሰጣት፣ የተሰበረውን ገመዱ ላይ ሰቀለው። «አንተስ?» ስለው «እኔ ቢላቴ ወንዝ ውስጥ ነው ያደግኩት። ዓሣ ጃኬት ይለብሳል?» ጉረኛ።

ውኃው ጸጥ ብሎ ነው የዋለው። ክንዴን ፀሐይ ለብልቦታል።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ልጻፈው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነፋሱ ተነሳ። ከወትሮው ቀደመ። እየጮህኩ እንግዶቹን ወደ ጀልባዋ አስወጣሁ። አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዱ ያስመልሰዋል። ካያኮቹን በጥድፊያ ከኋላ ጠፈርናቸው፤ ማን ልብ ብሎ ያያቸዋል። ጋሽ አንጁሎ «ሞላ?» አለ። ገመዱን አየሁ። ስምንት። «ሞላ!» አልኩ። ሞተሩን አስነሳ፤ ነፋስ ወደማይገባበት፣ ከኮረብታው ጀርባ ሄድን።

ሻይ ሲቀዳ አንድ ኩባያ ተረፈ።

ስምንተኛው ጃኬት ያ ዘለበቱ የተሰበረው ነው። ከትናንት ጀምሮ ከገመዱ አልወረደም። ኤርካሎ ሲሰቅለው አጠገቡ ቆሜ ነበር እኮ! በዓይኔ እያየሁ! ምን ነካኝ?

ተመለስን። ማዕበሉ ጀልባዋን እንደ ጣሳ ያንገላታል። እስኪጨልም ስሙን ጠራን። ኤርካሎ ውኃ ላይ ነው፣ ያለ ጃኬት። ጌታ ሆይ፣ እባክህ... እባክህ።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ዓሣ አጥማጆች ካያኩን መሐል ሐይቁ ላይ አገኙት። ተገልብጦ። እሱ የለም። አዞ የሚለውን ቃል ማንም አልጠራም፣ ሁሉም ግን ዳር ዳሩን ያያል።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ሥራ አስኪያጃችን ሄኖክ ወረቀት ይዞ መጣ። «ኤርካሎ ነፋሱ ሲነሳ በራሱ ፈቃድ ወደ ዳር ቀዘፈ፤ ካያኩም ዳር ላይ ተገኝቷል» ይላል። «እንደዚህ አልነበረም» አልኩ። «ወደ ዳር አለመቅዘፉን አይተሻል?» አለኝ። አላየሁም። ምንም አላየሁም፣ ጥፋቴ እሱ አይደል? «እንግዲህ ፈርሚ። ድርጅቱ ከተዘጋ የምንበተነው ሁላችንም ነን።»

ጋሽ አንጁሎ ፈረመ። እኔም ፈረምኩ። ለምን? ስለፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

ዲምቱ፣ የኤርካሎ እናት ቤት። እማማ ቦሼ ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም። ለቅሶ ልደርስ ነበር የሄድኩት፤ ለቅሶ የለም። ድንኳን የለም። ወረቀቱ ተነብቦላቸዋል።

«ወደ ዳር ከወጣማ ልጄ አለ» አሉኝ በወላይትኛ። «እግሩ ተሰብሮ የሰው ቤት ተኝቶ ይሆናል። አንዱ ያመጣልኛል።» እሱ ይወዳል ብለው ቦይና፣ የወላይታውን ጎደሬ፣ ቀቅለው ነበር። ብይ አሉኝ። በላሁ... በላሁ!

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ዛሬም አልተናገርኩም።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

እማማ ቦሼ ሶዶ ድረስ መጡ። በሐይቁ ዳር ያለውን መንደር ሁሉ ሲያዳርሱ ነው የሰነበቱት። እግራቸው አብጧል። የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎች ይበቃል፣ እርምዎን ያውጡ ቢሏቸው «በቁሙ አላለቅስበትም» ብለዋል።

ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው መሐል የወረቀቱን ኮፒ አወጡ። ማንበብ አይችሉም። ጣታቸውን ፊርማዬ ላይ አሳረፉ። «ይሄኛው ያንቺ ነው አሉኝ። አንቺ ካልሽ እውነት ነው።»

ምነው ያን ቀን እኔን በበላኝ።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ለእማማ ቦሼ ልናገር ነው አልኩት ጋሽ አንጁሎን። «ትሞትብሻለች» አለ በወላይትኛ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ «ጃኬት ቁጠሪ ያልኩሽ እኔ ነኝ» ብሎ አለቀሰ። ሽማግሌ ሲያለቅስ አያድርስ ነው። አብሬሽ ልምጣ አለኝ፣ እምቢ አልኩ። «ሞላ» ያልኩት እኔ ነኝ።

የካቲት 23፣ እሑድ

ዲምቱ ሄጄ ለእማማ ቦሼ ነገርኳቸው። ጃኬቱን። ዘለበቱን። «ሞላ» ማለቴን። ካያኩ የት እንደተገኘ፣ እንዴት እንደተገኘ። ወረቀቱ ውሸት መሆኑን፣ እያወቅሁ መፈረሜን። እየተንተባተብኩ፣ አንዱን ሁለት ጊዜ እየደገምኩ።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ጠርቷችሁ ነበር?»

«ሞተሩ ይጮህ ነበር፣ እማማ። አልሰማንም።»

«ጠርቷል» አሉ። «ልጄ ዝም አይልም።»

ስድብ ጠበቅሁ። ዱላም ጠበቅሁ፣ ይገባኛል። ተነሱና ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አሰሩ። በራፉ ላይ ቆመው ጮሁ። እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ጎረቤቱ እየሮጠ መጣ። ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ የድንኳን እንጨት ተሸክመው ገቡ።

ከሴቶቹ ጋር መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ማንም ተነሺ አላለኝም፣ ማንም አላናገረኝም። አንዷ ወደ እማማ ቦሼ ጎንበስ ብላ «ይቺ ልጅ ማናት?» ስትል ሰማሁ።

«መርዶ ነጋሪዬ ናት» አሉ።