ከሕገ ወጡ ነዋሪ ለአከራዩ ቀበሌ የቀረበ ምስጋና

ነሐሴ 14 ቀን 1977 ዓ.ም.
መካኒሳ

ለተከበሩ ጓድ ነገሪ
የቀበሌያችን የቤቶች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጣሪያዎች አከራይ
ባሉበት

የተከበሩ ጓድ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤና፣ በተለይም የወገብዎን ጤና እመኛለሁ፤ ሰው ከወንበር ሳይነሳ ሲውል መጀመሪያ የሚከዳው ወገብ ነውና። እኔ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልዋሽዎ፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ቆሜ መሆኑን ልግለጽ። የቆምኩት ለእርስዎ ካለኝ አክብሮት የተነሳ ብቻ ሳይሆን ወንበሬ ላይ ጓድ ቸኮል ስለተቀመጠ ነው። ሁለት መስመር እጽፍና እስከ አጥሩ ደርሼ እመለሳለሁ፤ ስለዚህ ሐሳቤ እዚህም እዚያም ቢረግጥ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ደብዳቤውን በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ከስኳር ተራ ማስታወቂያው አጠገብ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። ባለፈው እሁድ ስብሰባ ላይ ሂስ የማያቀርብ ነዋሪ አድኃሪ ነው ብለው ስላስተማሩን ታዛዥነቴን ለማሳየት ብዬ ነው። የቀበሌውን ቁጥር ግን ለክብርዎ ስል አልጠቀስኩም።

ነገሩን ለማያውቁ ሰልፈኞች ባጭሩ ላስረዳ። እኔ የአናጢነት መምህር ነኝ። ከእናቴ ከወ/ሮ ተሾመች ጋር የምኖርበትን ባለ ሁለት ክፍል ቤት አባቴ በ1955 ዓ.ም. ተከራየው፤ አዋጁ ሲወጣ ቤቱ የሕዝብ ሆነና አከራያችን ቀበሌው፣ ማለትም እርስዎ ሆኑ። ባለፈው ታኅሣሥ በዘመቻ ወደ ምዕራብ ሄጄ ለሰፋሪዎች ጎጆ ስሠራ ስምንት ወር ቆየሁ። ስመለስ እናቴን ማድ ቤት ውስጥ ከከሰል ጆንያው አጠገብ ተኝታ፣ ቸኮል የሚባለውን ሰው ደግሞ አልጋዬ ላይ አገኘሁት። ለእርስዎ አመለከትኩ። ኮሚቴዎም አጣርቶ በቤቱ ውስጥ በእርግጥ አንድ ሕገ ወጥ ነዋሪ እንዳለ አረጋገጠ፤ ያም ሰው እኔ ሆኜ ተገኘሁ። እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ «ከነጥገኛዬ» ለቅቄ እንድወጣ ታዝዣለሁ። ጥገኛ የተባለችው እናቴ ናት።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ከሂስ በፊት ግለ ሂስ ይቀድማልና ከራሴ ጥፋት እጀምራለሁ። ጓድ ቸኮልን ወደዚህ ቤት የላክሁት እኔ ነኝ። ወደ ዘመቻ ጣቢያችን እህል የሚያመላልስ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ ሥራውን ትቶ ወደ አዲስ አበባ ሊመለስ መሆኑን ሲነግረኝ ለእናቴ ደብዳቤና አንድ ጣሳ ማር ላክሁበት፤ በደብዳቤውም እንደ ወጉ «አድራሹን አብልተሽ፣ አሳድረሽ፣ ሸኚው» ብዬ ጻፍኩ። የእናቴ መነጽር ከተሰበረ ቆይቷልና ደብዳቤውን ያነበበላት ራሱ አድራሹ ነው። «ሸኚው» የሚለው ላይ ሲደርስ ዓይኑ ሳይደክመው አልቀረም፤ በቦታውም «እስክመለስ ቤቱን ይጠብቅልሽ» የሚል፣ እኔ ያልጻፍኩት መስመር አነበበላት። ጎረቤታችን ወ/ሮ ከድጃ ወረቀቱን አይተው የደረሱበት ከወራት በኋላ ነው። እናቴ ደግሞ እንግዳን መቼ ትሄዳለህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው ተብላ ያደገች ሴት ናት። መጀመሪያ መደብ ላይ ተኛ፤ ሲበርደው አልጋዬ ተሰጠው፤ በሦስተኛው ወር ደግሞ ማለዳ ለጸሎት ስትነሳ እንቅልፉን እንዳታቋርጥበት ብላ በገዛ እጇ ፍራሿን ተሸክማ ወደ ማድ ቤት ወጣች። «እንግዳ አባረረች ከምባል ይሻለኛል» ነው የምትለው። ለዚህ ጨዋነቷ ቀበሌው የሰጣትን ሽልማት ከላይ ጠቅሻለሁ።

2ኛ. የእናቴ ጉልበት የቀበሌ ሰልፍ አልችል ስላለ ኪራዩን በየወሩ በቸኮል እጅ ትልክ ነበር። ገንዘብ ተቀባያችሁ ማን አመጣው እንጂ ማን ላከው ብሎ የመጠየቅ ልማድ ስለሌለው ደረሰኙን በአምጪው ስም ቆረጠ። ደረሰኝ ሲደራረብ ቸኮል በመዝገባችሁ ተከራይ ሆነ፤ ተከራይ ሲሆን የቀበሌ ሱቅ ደብተሩ ተሰጠው፤ ደብተሩ ሲሰጠው የቤተሰብ ኃላፊ ሆነ። አሁን እናቴ ስኳር የምትቀበለው ከእሱ እጅ፣ በሻይ ማንኪያ ነው። ወ/ሮ ከድጃም ባለፈው ወር ኪራያቸውን በውሃ አመላላሹ ባለ አህያ ልከው ስለነበር፣ ይህን ከሰሙ ወዲህ አህያዋ በደጃቸው ባለፈች ቁጥር በራቸውን ይዘጋሉ።

3ኛ. አጣሪ ሆነው የመጡት ሦስት የኮሚቴ አባላት እኔ በሠራሁት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ እናቴ የጠመቀችውን ጠላ ቸኮል እየቀዳላቸው፣ በሚያስደንቅ ፍጥነት ሥራቸውን ፈጽመዋል። ለቸኮል የመሰከረለት በሰኔ ወር እሱ ራሱ ያስገባው የአጎቱ ልጅ ነው። የአይጥ ምስክር ድንቢጥ ይሉት ይህን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ግድግዳ የተጋሩን ወ/ሮ ከድጃ ለመመስከር ቢመጡ ግን «ጉዳዩ አይመለከትዎትም» ተብለው ተመልሰዋል። በዚህ አጋጣሚ የአጎቱ ልጅም እስካሁን ከእኛ ጋር መሆኑን ለመዝገብዎ እጠቁማለሁ፤ እሱም ኪራይ ተልኮ መክፈል ጀምሯል።

4ኛ. የዘመቻ ምስክር ወረቀቴን ለእርስዎ ሳቀርብ ማኅተሙን አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ ስምንት ወር ሙሉ ቤቱ ውስጥ አለመኖሬን በራሴ ማስረጃ እንዳረጋገጥኩ ገለጹልኝ። ከስድስት ወር በላይ ያልኖረ መብቱን ያጣል የሚል መመሪያም አነበቡልኝ። ስሜን በዘማቾች ዝርዝር የጻፉት፣ በሸኙኝ ዕለት መኪናው ድረስ መጥተው «ስለ ቤትህ አታስብ፣ እኛ አለንልህ» ብለው ትከሻዬን መታ መታ ያደረጉኝ እርስዎ ነበሩ። እኔም እንደታዘዝኩት አላሰብኩም።

ጓድ ሰብሳቢ፣ አከራይነት ከባድ ሥራ መሆኑን አላጣሁትም። ከአዋጁ በፊት ቤቱን ያከራዩን ሽማግሌ ፊደል ያልቆጠሩ ሰው ነበሩ፤ ኮሚቴም ማኅተምም አልነበራቸውም። የማያውቁት ሰው ግቢው ውስጥ ካዩ ግን ተከራዩን ጠርተው ይህ ማን ነው፣ ማን አስገባው፣ መቼ ይወጣል ብለው ይጠይቁ ነበር፤ መልሱ ካላጠገባቸው ጎረቤት ይጠይቁና ለሰውዬው ቀን ቆርጠው ይሰጡት ነበር። ሥራው ይኸው ነው። በእርስዎ በኩል ደግሞ ከዚያም ይቀላል፤ ከቀበሌው ጋር የገባነውን የ1968ቱን ውል ቢገልጡት የአባቴን ፊርማ፣ ከሥሩም የእናቴንና የእኔን ስም ያገኛሉ። ፋይሉ ከወንበርዎ በስተጀርባ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ነው። መደርደሪያውን በነጻ የሠራሁልዎ እኔ ስለሆንኩ ቦታውን አውቀዋለሁ።

እስካሁን እንደ ጨዋታ አድርጌ ጻፍኩት፤ ጨዋታው ግን እያለቀብኝ ነው። ተናድጃለሁ፤ ከንዴቴ ይልቅ ደግሞ አፍሬአለሁ። ለማላውቃቸው ሰዎች አርባ ሦስት ጎጆ ያቆምኩ ሰው ለእናቴ ዝናብ የማያስገባ አንድ ጥግ ማቆየት አልቻልኩም። በዚህ ነሐሴ ማድ ቤቱ በሦስት በኩል ያፈሳል፤ እሷ ባልዲውን ከቦታ ቦታ ስታዛውር እኔ ከእሷ ጋር እዞራለሁ። ትናንት ልብሷንና የአባቴን ፎቶግራፍ በነጠላ ጠቅልላ በሩ ሥር አስቀምጣ አየሁና ምን እያደረገች እንደሆነ ጠየቅኋት። «ዓርብ ሰዎቹ ሲመጡ እንዳላስጠብቃቸው ብዬ ነው፤ ሥራ ይኖርባቸዋል» አለችኝ። ሊያስወጧት የሚመጡትንም በእንግዳ ወግ ልትቀበላቸው ነው።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ጥቅልሏን ፈትቼ ፎቶግራፉን ዋናው ክፍል ውስጥ ከነበረበት ሚስማር ላይ መልሼ ሰቀልኩት፤ ፍራሿንም አስገባሁ። ቸኮል ከወንበሬ ሳይነሳ ለምን እንዳላስፈቀድኩት ጠየቀኝ። ዓርብ የሚመጡት ጓዶች ይህን አውቀው ይምጡ፦ እኔን ተሸክመው ሊያወጡኝ ይችሉ ይሆናል፤ እናቴ ግን ከዚያ ክፍል አትወጣም፤ ዓርብ እሷ በገዛ ቤቷ እንግዳ ሆና የምትሸኝበት ቀን አይደለም።

ደብዳቤዬን ለማንበብ ስለሚያባክኑት ጊዜ አስቀድሜ፣ ቤቴን ለሌላ ስለሰጡልኝ ደግሞ ዘግይቼ እያመሰገንኩ፣ ከማድ ቤት ደጃፍ የሚነሳ እርጥብ አብዮታዊ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ሮበሌ ምትኩ
የአናጢነት መምህር፣ የቀድሞ ዘማች፣ የአሁኑ ሕገ ወጥ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለከፍተኛው የቤቶች ክፍል፣
ለወ/ሮ ከድጃ (መመስከር ስለተከለከሉ ለንባብ ብቻ)፣
ለጓድ ቸኮል (እባክህ ለእናቴ ስታነብላት የተጻፈውን ብቻ)።

ከፊርማ በኋላ፦ ከመስከረም ጀምሮ ለአሥር ወር ትምህርት ወደ ወዳጅ ሶሻሊስት ሀገር እንደሚሄዱ ሰምተናል፤ እንኳን ደስ ያለዎት። እርስዎም እንደኛው በቀበሌ ቤት የሚኖሩ ቢሆንም የስድስት ወሩ መመሪያ ይነካዎታል ብዬ አልሰጋም። ብቻ ቸኮል ወሬውን የሰማ ዕለት ወደ እናቴ መጥቶ የእርስዎ ቤት ስንት ክፍል እንደሆነ፣ ባለቤትዎም እንግዳ ይወዱ እንደሆነ ጠየቃት። እናቴ ሰው አታማምና፣ በጣም እንግዳ ወዳድ ናቸው ብላ ነገረችው።