ስለተነጠቁት የአምቡላንስ ሬዲዮዎች

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። አምቡላንስ የሚያስፈልግዎ ቀን ከቶ እንዳይመጣ የምመኘው ከልቤ ነው፤ ቢመጣ ማን ጠርቶ እንደሚያገኘው አላውቅምና።

የመገናኛ ሬዲዮዎቹን «ጊዜ ያለፈባቸው» ብለው ከአምቡላንስ ሾፌሮች ሰብስበው በምትካቸው ሞባይል ስላደሉ አመሰግናለሁ። በስብሰባው ላይ «አንዱ ሲያወራ ሁሉም ይሰማል፤ ይህ ምን ዓይነት ሥርዓት ነው?» ማለትዎንም ሰምቻለሁ። መሐንዲስ ነኝና በትሕትና ላስረዳ፦ ሁሉም መስማቱ የሬዲዮው ነውር ሳይሆን ሥራው ነው። ቁልፉን ተጭኖ የተናገረውን በአቅራቢያው በዚያው ሞገድ ላይ ያለ ሁሉ በቀጥታ ይሰማዋል፤ አማላጅ አያሻውም። ሞባይል ግን ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎችን እንኳ ያለ ኔትወርክ ማማ አያገናኝም። ማማው ደግሞ መብራት ይፈልጋል፤ መጠባበቂያ ባትሪውም እንደ እኔ ትዕግሥት ያልቃል።

ቅሬታዎቼ እነሆ፦

አንደኛ፣ ባለፈው ማክሰኞ መብራት ጠፋ፤ ማማውም ቆይቶ ተከተለው። እናቴ ደረቷን ይዛ የወደቀችው ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለተኛ፣ ስልክ እምቢ ስላለኝ ሆስፒታሉ ድረስ ሮጥኩ። የአምቡላንስ ጥሪ ተረኛዋ ለሾፌሩ የምትደውልበትን ሞባይሏን እያሳየችኝ «ጋሼ፣ ምን ላድርግ? አይጠራም እኮ!» አለችኝ። በእሷ አልፈርድም።

ሦስተኛ፣ ኋላ እንደሰማሁት አምቡላንሱ በዚያ ሰዓት አንዲት ወላድ ቤቷ አድርሶ ከእኛ ቤት ጀርባ ካለው ወፍጮ ቤት ቆሞ ነበር። ሾፌሩ ሞባይሉን እያየ ጥሪ ይጠብቃል፤ እኛ ደግሞ እኔ ወደ ቤት እንደተመለስኩ ጎረቤታችን አናጢው ከቤቱ በነቀለው በር ላይ እናቴን ተሸክመን በሌላው መንገድ እንወጣለን። እሷ «ቀስ በሉ፣ የሰው በር እንዳትሰብሩ» ትለናለች።

ተርፋለች። ሐኪሙ ግን ሕመሙ ከተደገመ እንዲህ ያለ መዘግየት ልቧ እንደማይችል በግልጽ ነግሮኛል። መብራት ደግሞ እንደገና መጥፋቱ አይቀርም። ስለዚህ ሬዲዮዎቹን ለሾፌሮቹ እንዲመልሱ እለምናለሁ።

መብራት ቢጠፋም የማይቋረጠውን አክብሮቴን እያቀረብኩ፣ ለተራቀቀው አመራርዎ እጅ እነሳለሁ።

ከታማሚዋ የበኩር ልጅ

ማሳሰቢያ፦ ያን ቀን ሆስፒታሉ በር ስደርስ ጥበቃው ወገብ ላይ ከተወሰዱት ሬዲዮዎች አንዱን አየሁ። መብራት ሳይኖር፣ ማማ ሳይኖር፣ «የዳይሬክተሩ መኪና መጥቷል፣ በሩን ክፈት!» የሚል ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ፤ በሩም ወዲያው ተከፈተ። ይህንን ለእናቴ ስነግራት፣ «እንግዲያው በሚቀጥለው በእሳቸው መኪና ውሰዱኝ» ብላለች።