በርቺ ስልሽ

ይድረስ ለልጄ ለዙልፋ። አላህ ከክፉ ዓይን ይሸሽግሽ፣ በሰው አገር የሰውን ልብ ያራራልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ማንጎው ዘንድሮ ቀድሞ አብቧል። አባትሽም ጉልበቱ ተሽሎት መስጊድ ብቻውን ይሄዳል። ለአጨዳ ግን አልሆነለትምና እኔ ገባሁ፤ አትቆጪኝ።

ባለፈው ሰኞ ጤፋችን በደቦ ታጨደ። ፀሐዩ ሲከር ወገቤን ያዘኝና ከተርታው ወደኋላ ቀረሁ። አጠገቤ የሚያጭደው የጎረቤታችን ልጅ ሙሄዲን "እትዬ፣ ይበርቱ!" አለኝ። ብሎኝ ብቻ አልቀረም፤ ማጭዱን ወደ እኔ በኩል አዙሮ፣ ከእሱ እኩል እስክደርስ የእኔን ድርሻ አጨደልኝ። እኛ ዘንድ በርታ የሚባለው እንዲህ አብሮ ጎንበስ ብሎ ነው። ዳር ቆሞ በርቱ የሚለውንማ ማጭድ ሰጥተው ነው የሚያስገቡት።

ማታ አንቺን አሰብኩ። በደወልሽ ቁጥር "በርቺ ልጄ" እልሻለሁ፤ አንቺም "እሺ እማ" ትይኛለሽ። እዚህ አገራችን ግራና ሆኜ ሪያድ ያለውን ወለል አልወለውልልሽ፣ የአሠሪዎችሽ ልጅ ሲያለቅስ ተነስቼ አላባብልልሽ። ቃሉን ግን አልተወውም፤ ሌላ ምን አለኝ?

ረቢ ጉልበትሽን አይንሳሽ፣ አሚን በይ። አደራሽን፣ በርቺ ስልሽ እሺ ብቻ አትበይኝ። ሲደክምሽ ደከመኝ በይኝ። መኝታሽ እንደተነጠፈ ነው። ሙሄዲን መድከሜን ያወቀው አጠገቤ ሆኖ ስላየኝ ነው። እኔ እኮ አንቺን አላይሽም።

እናትሽ ቡርቱካን