ተሾመ የነዳብኝ ኮርማ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

የማታ ትምህርት ከጨረስኩ ወዲህ እንደኔ የሚጽፍ በሰፈሩ የለም፤ ዛሬ ግን በንዴት ሁለት ገጽ ቀድጄ ጣልኩ። ካዛንቺስ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ጎረቤቴ ተሾመ፣ ሰንጋ ተራ ያመለጠውን ኮርማ በቀንዱ ይዤ ያቆምኩበትን ጨዋታ የራሱ አድርጎ አወራው። ኮርማውን ያቆምኩት እኔ ነኝ። ማለቴ፣ የፈጠርኩት።

«አንተ ሌባ» ልለው ስነሳ፣ ባላቸው ከተቀበሩ ወዲህ ቃል ያልተነፈሱት እትዬ አስካለ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። መልሼ ቁጭ አልኩ። ጨዋታውን ያቆየሁት እኮ ለሳቸው ነበር።

ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተ ደግሞ ዛሬ ምን ዘጋህ? እንደ ተሾመ አጫውተን እንጂ» አሉኝ።

ሌላ ጨዋታ ከየት ላምጣ? ጥርሴን ነክሼ፣ «ተሾመ፣ እስቲ ድገምላቸው» አልኩት።

ሲደግመው ኮርማውን ላም አደረገው። እሳቸው ግን የባሰ ሳቁ።